«ልጁ አልበላ አለ»፦ የአንድ አቤቱታ ታሪክ

  ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አናወራም። የምናወራው በየቤቱ ስለሚሰማ አንድ አጭር አቤቱታ ነው፤ «ልጁ አልበላ አለ» ስለሚለው።

ይህችን አቤቱታ ያልሰማ የለም። እናት ለጎረቤት ትናገራለች፣ ጎረቤት ለአክስት ታወራለች፣ አክስት ደግሞ መድኃኒቱን ይዛ ከተፍ ትላለች። አንዷ «ሆዱን ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ጥርስ እያወጣ ነው»፣ ሦስተኛዋ «ዓይን በልቶት ነው»። አጎት በበኩሉ «ተዉት፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። በመጨረሻም ሁሉም ዞር ብለው እናትየዋን ያያሉ፤ «ምን እያበላሽው ነው?»

እኛም ይህች አቤቱታ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ትንሽ ቆፍረን ነበር። ያገኘነው ታሪክ ከአንድ ልጅ ጉርሻ በላይ ነው። እናቶች ልጃቸው አለመብላቱን ሳያዩ የቀሩበት ዘመን የለም። ችግሩ ሰሚ ማጣታቸው፣ አንዳንዴም የሚሰማቸው ሰው የሚሰጣቸው መፍትሔ ከበሽታው የከፋ መሆኑ ነበር። (ማሳሰቢያ፦ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «የ66ቱ» እና «የ77ቱ» ስንል ብቻ እንደለመድነው በእኛው ነው።)

እንጥል፣ ግግ እና መጋት

ከራሳችን ጓዳ እንጀምር። በአገራችን ብዙ አካባቢዎች ጡት አልይዝ ያለ፣ የሚያስመልሰው ወይም ሲውጥ የሚቸገር ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና እንጥሉ ይቆረጥ ነበር። ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት ምግብ የጠላ ከሆነ ደግሞ «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ ከድዱ ውስጥ ተፈልፍሎ ይወጣል። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቅቤ ማዋጥም ነበር፤ ሆዱን እንዲያለሰልስለት። እነዚህ ልማዶች ዛሬም ፈጽሞ ጠፉ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎቻችን ስለነዚህ ልማዶች ስንሰማ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ብለን እናልፋለን። ትክክል ነው፣ ጎጂ ናቸው። ያልጸዳ ምላጭ ደም ያፈሳል፣ መርዝ ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ለመዋጥ ይበልጥ ያመዋል። ነገር ግን ልጇን ታቅፋ ወደ ቆራጩ ደጅ የሄደችው እናት አንድ ነገር በትክክል አይታለች። ልጄ መዋጥ አቅቶታል፣ ችግር አለ፣ እርዳታ ያስፈልገዋል ብላለች። ምልክቱን አውቃለች፤ በአቅራቢያዋ የተከፈተው ደጅ ግን ያ ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። አማርኛችን «ማጉረስ» የሚል የፍቅር ቃል እንዳለው ሁሉ «መጋት» የሚልም አለው። ሕፃኑን ጭን ላይ አንጋሎ፣ አፉ ላይ መዳፍን እንደ ኩባያ አድርጎ፣ ወተት ወይም አጥሚት ማንቆርቆር ነው። ልጁ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። የሕፃናት ሐኪሞች ሥጋት ግልጽ ነው፤ የሚያለቅስና የሚታገል ልጅ የተጋተው ፈሳሽ ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያ ደግሞ ትንታ፣ ሲከፋም የሳንባ ምች ነው። የተጋተ ልጅ ሌላም ነገር ይማራል፤ ምግብ ማለት ፍርሃት ነው ብሎ ይይዛል። ነገ ኩባያውን ገና ከሩቅ ሲያይ ያለቅሳል። ቤተሰቡም «አየሽ፣ አሁንም አልበላም አለ!» ይላል፤ መጋቱም ይቀጥላል።

የጎልድ ኮስቷ ሐኪም

እናቶችን አለመስማት የኛ ብቻ ችግር አልነበረም። በ1929 ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ጃማይካ የተወለደች፣ ኦክስፎርድ የተማረች ሐኪም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ትሄዳለች። እዚያም በአብዛኛው ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች እግራቸው አብጦ፣ ፀጉራቸው ሳስቶ፣ ቆዳቸው እየተላጠ፣ ምግብ እምቢ ብለው ፍዝዝ ሲሉ ታያለች። ልጆቹ ሲያዩዋቸው የከሱ አይመስሉም፤ እብጠቱ ይሸፍነዋል።

ዊሊያምስ እናቶቹን ጠየቀች። የጋ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለበሽታው ስም ነበራቸው፦ ክዋሽዮርኮር። ትርጉሙ በግርድፉ «ተከታዩ ሲወለድ ከቦታው የተነሳ ልጅ የሚይዘው በሽታ» ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሙሉ ምርመራ! ታናሹ ሲመጣ ታላቁ ከጡት ይነሳል፣ በምትኩም ከበቆሎ የተሠራ ገንፎ ብቻ ይቀርብለታል፣ ከዚያ ይታመማል። ይህን እናቶቹ ያውቁት ነበር። ዊሊያምስ በ1933 በሽታውን ከበቆሎ ምግብ ጋር አያይዛ ጻፈች፣ በ1935 ደግሞ በታዋቂው «ላንሴት» መጽሔት ላይ እናቶቹ በሰጡት ስም አወጣችው። አንዳንድ የዘመኑ ሊቃውንት «የለም፣ ይህ ፔላግራ የሚባለው በሽታ ነው» ብለው ተከራከሯት። በኋላ ግን ስሙ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ሁሉ ገባ። እሷም በ1948 አዲስ በተመሠረተው የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች።

ታሪኩ ለእኛም ቅርብ ነው። በአገራችን «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል» ተብሎ እናት ማርገዟን ባወቀች ማግስት ጡት የሚጣልበት ቤት ስንት ነው? ጡት የጣለው ልጅ ሲያኮርፍና ምግብ ሲጠላ «ቀንቶ ነው» ይባላል። ሊቀናም ይችላል። ግን ምን እየቀረበለት ነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የቺካጎ ሕፃናት ማንኪያ

በዚያው ዘመን በሀብታሟ አሜሪካ ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሐኪሞች ልጅ በስንት ሰዓት ስንት ግራም መብላት እንዳለበት በወረቀት ጽፈው ለእናቶች ይሰጡ ነበር። እናቶች ወረቀቱን ለማስፈጸም ይታገላሉ፣ ልጆች አፋቸውን ይገጥማሉ። «አልበላ አለ» የሚለው አቤቱታ የሕፃናት ሐኪሞችን ክፍል ሞላው።

ክላራ ዴቪስ የምትባል ሐኪም በ1920ዎቹ አጋማሽ አንድ ያልተለመደ ሙከራ ጀመረች። በመጀመሪያ ክሊቭላንድ፣ ከዚያም ቺካጎ ውስጥ በጠቅላላው ለ15 ገና ጡት ለጣሉ ሕፃናት ከ34 ዓይነት ያልተቀነባበሩ ምግቦች ዝርዝር ውስጥ ተመርጠው በየማዕዱ ይቀርቡላቸው ጀመር። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ። ነርሷ ማንኪያ ይዛ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ልጁ ወደ አንዱ ሳህን ካልጠቆመ ወይም እጁን ካልዘረጋ በስተቀር አታጎርስም፣ አታባብልም፣ አትቆጣም። ልጆቹ አንዳንዱን ቀን ግራ የሚያጋባ ነገር ቢመርጡም በጥቅሉ ጥሩ አደጉ። ሪኬትስ ይዞት የገባ አንድ ሕፃን የቀረበለትን የዓሣ ጉበት ዘይት በራሱ ፈቃድ እየጠጣ ዳነ።

«ታዲያ ልጁን ቸኮሌት ሲያምረው ልተወው?» የምትሉ አትጠፉም። ዴቪስ ራሷ በ1939 መልሱን ሰጥታለች፤ ሚስጥሩ ያለው በምግቦቹ ዝርዝር ውስጥ ነው አለች። ከዝርዝሩ ውስጥ ስኳርና ጣፋጭ አልነበረም። ምን እንደሚቀርብ የሚወስነው አዋቂ ነው፣ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬም ልጅ አመጋገብ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚመክሩት ነው። የሚሠራው ግን ጤናማ ልጅ ላይ ነው። የታመመ ልጅ እምቢታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ወደ ሐኪም ነው።

«ፋፋ»፦ ግስ ሲሆን ዱቄት

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። ሐኪሞቹ ሕፃናቱን ታክመው ሲድኑ አይተው ይሸኛሉ፤ ከወራት በኋላ ግን እነዚያው ሕፃናት ያንኑ ክሳት ይዘው ይመለሳሉ። መርፌ ብቻውን አልበቃም። በ1962 የሕፃናት አልሚ ምግብ ክፍል በዚሁ ትብብር ተቋቋመ፤ በ1968 ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። የኢንስቲትዩቱ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል።

ከዚህ ቤት የወጣው ዝነኛ ልጅ ፋፋ ነው። እህል፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተቀላቅሎበት ጡት ለሚጥል ሕፃን እንዲሆን፣ ድሃውም ገዝቶ እንዲያበላው ታስቦ የተሠራ ዱቄት። ስሙን ያወጣለት ሰው አማርኛን ያውቅበታል፤ እናት ስለ ልጇ ልትሰማው የምትፈልገው ግስ ነው። «ልጅሽ ፋፋ!» ከመባል በላይ ምን አለ?

ፋፋ ብዙ ልጆችን ረድቷል። በ66ቱና በ77ቱ ረሃብም ከእርዳታ ምግቦች አንዱ ነበር። ነገር ግን እዚያ ላይ አንድ ከባድ ትምህርት ጠበቀን። በ77ቱ ድርቅ ኮረምና ሌሎች ጣቢያዎች ሕዝብ ሲጎርፍ እጅግ የተጎዱት ሕፃናት ምግብ ቀርቦላቸውም አይበሉም ነበር። ለምን? በረሃብ የተጎዳ ሰውነት ራሱን ለማቆየት ሥራውን ሁሉ ያቀዘቅዛል፤ ልቡ፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ ይደክማሉ፤ በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ይጨመራል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «በርታ፣ ብላ» ብሎ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ መስጠት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በቀጣዮቹ ዓመታት ሕክምናው በደረጃ ተከፈለ። መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባል ቀጠን ያለ ወተት፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል፤ ኢንፌክሽኑም ይታከማል። የልጁ የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ወደ ጠንከር ያለው ምግብ ይታለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በ1999 አወጣ። «አልበላም» ማለት ከጠባይ ክፋት ዝርዝር ወጥቶ የሕክምና መረጃ ሆነ።

ሀዲያ፣ 2000

አንድ ችግር ግን ቀረ። ይህ ሁሉ ሕክምና የሚሰጠው አልጋ ባለበት ጣቢያ ነው። እናት ከአንድ የታመመ ልጅ ጋር ሳምንታት ስትቀመጥ ቤት የቀሩትን ሦስቱን ማን ያያቸዋል? እርሻውንስ? ብዙዎቹ አይመጡም፣ የመጡትም ልጁ ሳይድን ይዘውት ይመለሳሉ። በጣቢያው መጨናነቅ ደግሞ ልጁ ሌላ በሽታ ይሸምታል።

በ1996 አንድሬ ብሪዮንድ የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሥነ ምግብ ባለሙያ ከሚሼል ሌስካን ጋር ፕላምፒነትን ሠራ። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ውኃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ ልጁ ከፓኬቱ ጨምቆ ይልሰዋል። እንዲህ ከሆነ እናት ለምን ይዛው ቤቷ አትሄድም የሚል ጥያቄ መጣ።

ጥያቄው ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ አገራችን ናት። ከ2000 መገባደጃ ጀምሮ በሀዲያ 170 በከፍተኛ ሁኔታ የተጎዱ ልጆች ቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ተደረገ። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በ2002 «ላንሴት» ላይ ውጤቱን አወጡ፦ 144ቱ ዳኑ፣ 7 ሞቱ፣ 11 ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ፣ 8 አቋረጡ። ከ100 ልጆች 85ቱ በእናታቸው እጅ ዳኑ ማለት ነው። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አሠራር በይፋ ለዓለም አስተላለፉ።

በአገራችንም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነበረና ከ2008 በኋላ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላ ወረደ። ይህን ሥራ የተሸከሙት በአብዛኛው አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ የእኛ እኩያ የሆኑ ሴቶች ናቸው። የሚጠቀሙበት መሣሪያ ቀለም ያለው ጥብጣብ ነው፤ የልጁን ክንድ ይለካሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አደጋ ላይ ነው።

ከጥብጣቡ በላይ ልባችንን የነካው ግን ሌላው ነው፤ የምግብ ፍላጎት ፈተና የሚሉት። እናት እጇን ታጥባ፣ ፀጥ ያለ ቦታ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ምግቡን ታቀርብለታለች። ውኃ አጠገቡ ይደረጋል። ማበረታታት ይቻላል፣ ማስገደድ ክልክል ነው። ጊዜ ይሰጠዋል። ከበላና ሌላ የከፋ ምልክት ከሌለው ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ካልበላ ወዲያው አልጋ ወዳለበት ይላካል። የዘመናት የ«መጋት» ልማድ ፊት ለፊት አንድ መመሪያ ቆሞ «እምቢታውን አድምጡ፣ የሚነግራችሁ ነገር አለ» አለ።

እኛስ ከተሜዎቹ?

«ይህ ሁሉ የገጠርና የድርቅ ወሬ ነው» እንዳትሉን። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ ደግሞ ተገቢውን ዝቅተኛ ምግብ በዓይነትም በድግግሞሽም ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ በድህነት ብቻ የሚመጣ ቁጥር አይደለም።

በከተማ ደግሞ መጋት ልብስ ቀይሯል። ስልክ ላይ ካርቱን ተከፍቶ፣ ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር ማንኪያ ይገባል። ልጁ የሚበላውን አያይም፣ መጥገቡንም አያውቅም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብስኩትና ጁስ ይሰጠውና ምሳ ላይ «አልበላ አለ» ይባላል። ሠራተኛዋም ሳህኑ ባዶ ካልሆነ ስለምትወቀስ ታስገድደዋለች።

አብዛኛው ልጅ አንድ ሰሞን ምግብ ይመርጣል፣ ይተዋል፣ ይመለሳል። ክብደቱ እየጨመረ፣ እየተጫወተ ከሆነ ጭንቀቱ ልክ ይኑረው። ከዚህ የተለየውን ለማወቅ ግን እነዚህን ያዙልን፦

– ጡት ሲጠባ ቶሎ የሚደክመው፣ የሚያልበው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን፤ የልብ ችግር ሊሆን ይችላል።
– ወተት በአፍንጫው የሚመለስበት፤ ላንቃው የተሰነጠቀ እንደሆነ ይታይለት፤ ቀዶ ጥገናው በአገራችን ይሠራል።
– በበላና በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው፣ የሚያስለው ወይም ደጋግሞ የሳንባ ምች የሚይዘው።
– እያንዳንዱ ማዕድ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅበት፣ ለዕድሜው የሚገባውን ጠጣር ምግብ ማኘክ የማይችል።
– የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር እየቀነሰ ሁለትና ሦስት ብቻ የቀሩት።
– ክብደቱ የቆመ ወይም የቀነሰ፤ እግሩ ያበጠ።

ልጁ ጭራሽ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዞ አልነቃ ካለ ግን ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም።

ሌላውን ምልክት ያያችሁ ደግሞ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ክብደቱን መዝኑልኝ፣ ባለፈው ከተመዘነው ጋር አስተያዩልኝ» በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀን የበላውን፣ የጠጣውንና የፈጀበትን ጊዜ በወረቀት መዝግቡ፤ ከተቻለ ሲበላ በስልክ ቅረፁት። «ምንም የለው» ተብላችሁ ልባችሁ እምቢ ካለ ሌላ ሐኪም ጋር ሂዱ። በጎልድ ኮስት እናቶቹ ከሊቃውንቱ ቀድመው ያውቁ እንደነበር አትርሱ።

ልጅ ያልወለድነው ወጣቶችስ? እኛም ሥራ አለን። አክስት ነን፣ አጎት ነን፣ ጎረቤት ነን። የሚቀጥለው ጊዜ አንዲት እናት «ልጄ አልበላ አለ» ስትል «ምን እያበላሽው ነው?» የሚለውን እንተወውና «ከመቼ ጀምሮ? ሲውጥ ያስቸግረዋል? ክብደቱ ስንት ነው?» እንበላት። ብቻዋን መሄድ ከከበዳትም አብረናት ጤና ጣቢያ ድረስ እንሂድ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጁን ተቀብሎ የሚያቅፍላት ሰው ያስፈልጋታል።

ቸር ይግጠመን!